ለንደን ሲስተም (የቼዝ ኦፕኒንግ) በነጭ፦ ጥቁር ንግሥቷን ቢ6 ሲያወጣብኝ፣ ቢሾፕ ዲ6 ሲለኝ፣ ጂ6 ሲጫወት ምን ላድርግ?

ባለ_ነጩ

ሰላም ለሁላችሁ። በነጭ ስጫወት አንድ ጠንካራ ኦፕኒንግ (የጨዋታ አጀማመር) ይዤ መቆየት ስለፈለግሁ ለንደን ሲስተምን መርጫለሁ። ደረጃዬ በራፒድ 1300 አካባቢ ነው። አሰላለፉን አውቀዋለሁ፦ ወታደሮች ዲ4፣ ኢ3 እና ሲ3፣ ቢሾፕ ኤፍ4፣ ሌላው ቢሾፕ ዲ3፣ ፈረሶች ኤፍ3 እና ዲ2፣ ከዚያ በአጭሩ ካስል (ንጉሡ ጂ1፣ ሩኩ ኤፍ1)። ጥቁር ዝም ብሎ ከቆመልኝ ችግር የለም። ዝም ብሎ ግን አይቆምም።

ሦስት ነገር ግራ ገብቶኛል። አንደኛ፣ ጥቁር ቶሎ ሲ5 ብሎ ንግሥቷን ቢ6 ሲያወጣ ቢ2 ላይ ያለው ወታደር ይጨንቀኛል። ሁለተኛ፣ ቢሾፑን ዲ6 አምጥቶ «እንለዋወጥ» ሲለኝ ልብላ ወይስ ልተው? ሦስተኛ፣ ጂ6 ብሎ ቢሾፑን ጂ7 ካስቀመጠ ጥቃቴ ሁሉ ግድግዳ ላይ ይቀራል። ኤች3 መቼ እንደሚገፋም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ትክክለኛ ሙቮችን ከነምክንያታቸው ጻፉልኝ።

ፈረስ_በኢ5

ከቅደም ተከተሉ ልጀምር፤ ለንደን ውስጥ ግማሹ ችግር የሚመጣው ከዚያ ነው። 1. ዲ4 2. ቢሾፕ ኤፍ4 3. ኢ3 በል። ፈረሱን ኤፍ3 ለማውጣት አትቸኩል። ኢ3 ሲገፋ ከዲ1 እስከ ኤች5 ያለው መስመር ለንግሥትህ ይከፈታል። ስለዚህ ጥቁር ቢሾፕህን ለማሳደድ ፈረስ ኤች5 ካለ፣ ንግሥትህ ፈረሱን በነጻ ትበላዋለች። ፈረስህ ኤፍ3 ላይ ከተቀመጠ ግን መስመሩ ተዘጋ፣ ፈረስ ኤች5ም እውነተኛ ጥያቄ ሆነ።

ኤች3 የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው፤ ቢሾፑ ወደ ኤች2 የሚሸሽበት ቀዳዳ እንዲያገኝ። ሁልጊዜ ግን አይደለም። ገና ካስል ካላደረግህና ሩክህ ኤች1 ላይ ካለ፣ ቢሾፑን ጂ3 አስቀምጠህ ጥቁር በፈረሱ ሲበላው በኤች ወታደር ብላ። ሩኩ የተከፈተ መስመር ያገኛል። በአጭሩ ካስል ካደረግህ በኋላ ያው ልውውጥ ቢደረግ ግን ጥቁር ሁለት ቢሾፕ ይዞ ይቀራል፤ ለአንተ የሚተርፍህ ነገር የለም።

አሁን ወደ ቢ6። ብዙ ሰው የሚጫወተው እንዲህ ነው፦ 1. ዲ4 ዲ5 2. ቢሾፕ ኤፍ4 ፈረስ ኤፍ6 3. ኢ3 ሲ5 4. ሲ3 ፈረስ ሲ6 5. ፈረስ ኤፍ3 ንግሥት ቢ6። መልሱ 6. ንግሥት ቢ3 ነው። ጥቁር ንግሥትህን ከበላ በኤ ወታደር መልሰህ ብላ። የቢ ወታደሮችህ ተደራርበው አያስፈሩህ፤ ሩክህ ከኤ1 ሳይነሳ ሙሉ መስመር አገኘ። ጥቁር ሲ4 ብሎ ከገፋ ንግሥትህ ሲ2 ትመለሳለች። ወጥመዱ ያለው እዚያ ነው፦ 7... ቢሾፕ ኤፍ5! (ሦስት ነጥብ የጥቁር ሙቭ ማለት ነው፤ ! ጥሩ፣ ? መጥፎ ሙቭ ነው።) ቢሾፑ በነጻ የቀረበ ይመስላል። ከበላኸው ግን ንግሥት × ቢ2 (× መብላት ነው) ይላል፣ ኤ1 ላይ ያለው ሩክህ ማምለጫ የለውም። ስለዚህ 8. ንግሥት ሲ1 ብለህ ቢ2ን ጠብቅ። ቦታው ደስ አይልም፣ ግን አይሰበርም። ቀጥሎ ፈረስ ኤች4 ብለህ ያንን ቢሾፕ አሳደው፣ በቢ3 ደግሞ የሲ4ን ወታደር አስጨንቀው።

እኔ የምመክረው ግን ሲ3ን ማዘግየት ነው። 4. ፈረስ ኤፍ3 ፈረስ ሲ6 5. ፈረስ ቢዲ2 (ማለትም የቢ1 ፈረስ)። አሁን ንግሥት ቢ6 ካለ 6. ዲ × ሲ5! ንግሥቷ ሲ5ን ከበላች ፈረስህ ከዲ2 ወደ ቢ3 ዘሎ ያባርራታል፣ አንድ ሙቭ አተረፍክ። ቢ2ን ከበላች ደግሞ 7. ሩክ ቢ1፤ ብዙ ጊዜ ወደ ሲ3 ትሸሻለች። ከዚያ 8. ቢሾፕ ቢ5 ብለህ የሲ6ን ፈረስ ከንጉሡ ጋር ፒን ታደርገዋለህ (ከተነሳ ንጉሡ ስለሚጋለጥ መንቀሳቀስ አይችልም)፣ ሩክ ቢ3ም እየመጣ ነው። የጥቁር ንግሥት ብቻዋን ስትሯሯጥ የነጭ ጦር በሙሉ ወጥቷል። ቢ2 የሚያስጨንቅ ወታደር መሆኑ ቀርቶ ማጥመጃ ሆነ ማለት ነው።

ሰባተኛ_ረድፍ

ስለ ቢሾፕ ዲ6 እኔ ልመልስ። አትብላ፤ ቢሾፕ ጂ3 በል። ከበላህ የጥቁር ንግሥት ያለ ልፋት ዲ6 ላይ ወጥታ ኢ5ን ትገፋለች። ጂ3 ላይ ከቆምክ ግን ልውውጡን ራሱ ይጀምር፤ በኤች ወታደር ስትበላ ሩክህ ኤች7ን ያያል። ለዚህ ነው በዚህ አሰላለፍ ካስል ለማድረግ መቸኮል የሌለብህ።

ዋናው ጦርነት ኢ5 ላይ ነው። ጥቁር ኢ5ን በነጻ ከገፋ ለንደንህ አለቀ። አንተ ፈረስህን እዚያ ከተከልክ ደግሞ እሱ ይታፈናል። አንድ ሙሉ መስመር ልስጥህ፣ በሰሌዳ ላይ ደርድረህ እየው፦

1. ዲ4 ዲ5 2. ቢሾፕ ኤፍ4 ፈረስ ኤፍ6 3. ኢ3 ኢ6 4. ፈረስ ኤፍ3 ቢሾፕ ዲ6 5. ቢሾፕ ጂ3 ካስል 6. ቢሾፕ ዲ3 ሲ5 7. ሲ3 ፈረስ ሲ6 8. ፈረስ ቢዲ2 ንግሥት ኢ7። የንግሥቷ ሙቭ ትርጉሙ ግልጽ ነው፣ «ቀጥሎ ኢ5» እያለ ነው። ስለዚህ 9. ፈረስ ኢ5! ጥቁር ፈረስ ዲ7 ብሎ ሊያባርረው ከሞከረ፦ 10. ፈረስ × ዲ7 ቢሾፕ × ዲ7 11. ቢሾፕ × ዲ6 ንግሥት × ዲ6 12. ዲ × ሲ5 ንግሥት × ሲ5። እስካሁን ተራ ልውውጥ ነው የሚመስለው። ግን ኤች7ን ይጠብቅ የነበረው የኤፍ6 ፈረስ የለም፣ የጥቁር ንግሥትም አምስተኛው ረድፍ ላይ ናት።

13. ቢሾፕ × ኤች7+! (+ ቼክ ነው) ንጉሥ × ኤች7 14. ንግሥት ኤች5+ ንጉሥ ጂ8 15. ፈረስ ኢ4! ይህ ፈረስ ሁለት ሥራ ይሠራል። ንግሥቷን ይመታል፤ በዚያ ላይ ፈረስ ጂ5 ከዚያም ንግሥት ኤች7 ማት ይላል። ጥቁር በዲ ወታደሩ ፈረሱን ከበላ አምስተኛው ረድፍ ይከፈትና ንግሥትህ ከኤች5 በቀጥታ የሲ5ን ንግሥት ትበላለች።

ከ15ቱ ሙቭ ውስጥ 12ቱ ማንም የሚጫወታቸው ናቸው። የቀረውን ማየት የምትችለው ግን «ኤች7ን ማን ይጠብቃል?» ብለህ በየሙቩ ከጠየቅህ ብቻ ነው። የኤፍ6 ፈረስ በቦታው ካለ፣ ወይም ጥቁር ፈረሱን ኤፍ8 ማድረስ ከቻለ፣ ወይም የጥቁር ቢሾፕ ከዲ3 እስከ ኤች7 ባለው መስመር ላይ መግባት ከቻለ አትሠዋ። ቢሾፕህን በነጻ ሰጥተህ ትቀራለህ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፈረስ ኢ5 ካልክ በኋላ ኤፍ4 ብለህ የመደገፍ ፍላጎት ይመጣብሃል። ይቻላል፣ ኃይለኛም ነው። ግን ቢሾፕህ ጂ3 ላይ እያለ ኤፍ4 ብትገፋ በገዛ ወታደርህ እስር ቤት ትከተዋለህ፣ ኢ4ም ለጥቁር ፈረስ ቋሚ መቀመጫ ይሆናል። መጀመሪያ ቢሾፖቹ ተለዋውጠው እንደሆነ እይ።

የጎን_ቢሾፕ

ጂ6ን በተመለከተ፣ ችግርህ ቢሾፑን ዲ3 ማስቀመጥህ ነው። ጥቁር ጂ6 ላይ ወታደር ካቆመ ያ ቢሾፕ የሚመታው ድንጋይ ነው። ከዚያም በላይ ጥቁር ኢ5 ብሎ ኢ4 ከገፋ አንድ ወታደር የኤፍ3ን ፈረስና የዲ3ን ቢሾፕ አንድ ላይ ይይዛል። ስለዚህ ቢሾፑ ኢ2 ይቀመጥ።

1. ዲ4 ፈረስ ኤፍ6 2. ቢሾፕ ኤፍ4 ጂ6 3. ኢ3 ቢሾፕ ጂ7 4. ፈረስ ኤፍ3 ካስል 5. ቢሾፕ ኢ2 ዲ6 6. ኤች3። እዚህ ኤች3 ግዴታ ነው በለው። ጥቁር ኢ5 ሲገፋ ቢሾፕህ ኤች2 ይገባል፣ ከዚያ ሆኖም ኢ5ንና ዲ6ን እንደተመለከተ ይቆያል። ካስል አድርግና ጨዋታውን ወደ ንግሥት ጎን ውሰደው፦ ሲ4፣ ፈረስ ሲ3፣ ቢ4። ስለ ሲ3 ወታደር እርሳው፤ ጥቁር ዲ5 ካልገፋ ሲ4 ለመግፋት ማን ይከለክልሃል? ንጉሡን ለማጥቃት መሞከር እዚህ አያዋጣም።

ጠብ የምትወድ ከሆነ 3. ፈረስ ሲ3 አለ። ኢ4ን እያስፈራራ ስለሆነ ጥቁር ብዙ ጊዜ ዲ5 ይላል። ያኔ የጂ7 ቢሾፑና የዲ5 ወታደሩ ብዙ አይስማሙም። ግን ያ ሌላ ኦፕኒንግ ሊባል የሚችል ነው፣ አሁን አትጀምረው።

ያልጠየቅኸውን ልጨምር። ጥቁር አንተን መስሎ ቢሾፑን ኤፍ5 ካወጣ (1. ዲ4 ዲ5 2. ቢሾፕ ኤፍ4 ፈረስ ኤፍ6 3. ኢ3 ቢሾፕ ኤፍ5) ሲ3 አትጫወት፣ 4. ሲ4 በል። ያ ቢሾፕ ከወጣ ቢ7ን የሚጠብቅ የለም፤ ንግሥት ቢ3 ወዲያው ያማል። ሆኖም 4... ኢ6 5. ንግሥት ቢ3 ፈረስ ሲ6 ካለህ ቢ7ን ለመብላት እጅህን አትዘርጋ። 6. ንግሥት × ቢ7? ፈረስ ቢ4! ብሎ ሲ2 ላይ ቼክ እና ሩክ ሊል ነው። ንግሥት ቢ5 ቼክ ብትል ሲ6 ብሎ ይዘጋል። የዚያን ጊዜ የምታተርፈው ነገር ካለ በፈረስ ኤ3 ተከላክለህ በሙቭ ድግግሞሽ አቻ መውጣት ነው።

በብሊትዝ (በጣም ፈጣን ጨዋታ) ደግሞ በየቀኑ የምታየው አንድ ቆሻሻ ወጥመድ አለ፦ 1. ዲ4 ኢ5። ብላው። 2. ዲ × ኢ5 ፈረስ ሲ6 3. ፈረስ ኤፍ3 ንግሥት ኢ7። አሁን የለንደን ተጫዋች እጁ ለምዶ 4. ቢሾፕ ኤፍ4 ይላል። ይቻላል፣ ግን 4... ንግሥት ቢ4+ 5. ቢሾፕ ዲ2 ንግሥት × ቢ2 ከሆነ በኋላ 6. ቢሾፕ ሲ3?? ካልክ አለቀልህ፦ 6... ቢሾፕ ቢ4 7. ንግሥት ዲ2 ቢሾፕ × ሲ3 8. ንግሥት × ሲ3 ንግሥት ሲ1 ማት። ትክክለኛው 6. ፈረስ ሲ3 ነው፤ ቀጥሎ ሩክ ቢ1 እና ፈረስ ቢ5 አሉህ፣ የሚጨነቀው እሱ ነው።

ቀስ_በቀስ

ከላይ «ሲ3ን አዘግይ» የተባለው ለ1300 ተጫዋች ከባድ ነው ብዬ አስባለሁ። 6. ዲ × ሲ5 ካለ በኋላ ወታደር ሰጥቶ ንግሥት ማሳደድ የሂሳብ ጨዋታ ነው። አንድ ሙቭ ካዘገየ ወታደሩ እንደሄደ ይቀራል። 4. ሲ3፣ ንግሥት ቢ3፣ አስፈላጊ ከሆነ ንግሥት ሲ1 ብሎ መቀመጥ አሰልቺ ነው፣ ግን የሚጠየቀው አንድ ወጥመድ ማወቅ ብቻ ነው። ጠያቂው የፈለገው ጠንካራ ኦፕኒንግ እንጂ ርችት አይደለም።

ፈረስ_በኢ5

@ቀስ_በቀስ ነጥብህ ይገባኛል፤ ግን ሲ3ን ማዘግየት ሌላም ጥቅም አለው። ጥቁር ሲ × ዲ4 ሲበላ በኢ ወታደር መልሰህ ትበላለህ፣ የኢ መስመር ለሩክህ ይከፈታል፣ ኢ5ም ጠንካራ መቀመጫ ይሆናል። ሲ3 መግፋትህን የምትወስነው ይህንን ካየህ በኋላ ነው። ዲንግ ሊረን አስታና ላይ በ2023 የዓለም ሻምፒዮና 6ኛ ጨዋታ ኔፖምኒያሽቺን ያሸነፈው በዚሁ መልክ ነው፤ 5. ፈረስ ቢዲ2 ሲ × ዲ4 6. ኢ × ዲ4 ቢሾፕ ኤፍ5 7. ሲ3 ኢ6 8. ቢሾፕ ቢ5። እዚያ ላይ ዲ3ን ትቶ ቢሾፑን ቢ5 ያወጣው ኢ5ን የሚቆጣጠረውን የሲ6 ፈረስ ለመያዝ ነው። አሰላለፉ እንደ ሐውልት የማይነካ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ጨዋታ አላውቅም።

ደግሞ ይህ ሲስተም የአማተር ነው ለሚሉ፦ ስሙ የመጣው ከ1922 የለንደን ውድድር ነው፣ የያኔው የዓለም ሻምፒዮን ካፓብላንካ ያሸነፈበት።

ባለ_ነጩ

በጣም አመሰግናለሁ፤ የ13ኛውን ሙቭ መሥዋዕት ደርድሬ አየሁት፣ ገባኝ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ቢሾፔ ዲ3 ላይ እያለ ጥቁር ሲ4 ብሎ ሲያባርረኝ ጨዋታው የተዘጋ ይመስለኛል፤ ከየት ልክፈተው? ሌላው፣ 1... ኤፍ5 ሲጫወትብኝስ? ለልምምድ ምን ያህል ጊዜ ልስጠው?

ቀስ_በቀስ

ሲ4 ሲልህ ደስ ይበልህ። እስከዚያ ድረስ የሲ5 ወታደሩ ዲ4ን ይጫን ነበር፤ አሁን ጫናውን በገዛ እጁ አነሳልህ። ቢሾፑን ሲ2 አስቀምጠው፣ ዲያጎናሉን (ሰያፍ መስመሩን) አይለቅም። ከዚያ ኢ4 አዘጋጅ፦ ካስል፣ ሩክ ኢ1፣ ንግሥት ኢ2፣ ፈረሱ ዲ2 ላይ አለ። አራት ነገር ኢ4ን ሲደግፍ ግፋው። ጥቁር በንግሥት ጎን ቢ5 ብሎ ከቀጠለ አንድ ጊዜ ኤ4 ብለህ ወታደሮቹን ጠይቃቸው፣ ከዚያ ወደ ኢ4 ተመለስ። ኢ4 ሳትገፋ 20ኛው ሙቭ ከደረስክ ጥቁር ቢ4 ላይ ይቀድምሃል።

ለልምምድ በሊቼስ (የኦንላይን ቼዝ ድረ ገጽ) ላይ ነጻ «ስተዲ» ክፈትና በጥቁር አሰላለፍ ከፋፍለው፦ ሲ5 ከንግሥት ቢ6 ጋር፣ ኢ6 ከቢሾፕ ዲ6 ጋር፣ ጂ6፣ ቢሾፕ ኤፍ5፣ እንዲሁም ልዩ ልዩ። በየክፍሉ ከ8 እስከ 10 ሙቭ ይበቃል። ከእያንዳንዱ ሙቭ አጠገብ ምክንያቱን በአንድ መስመር በአማርኛ ጻፍ፤ ምክንያት መጻፍ ካቃተህ ሙቩን አላወቅኸውም። የሊቼስ የኦፕኒንግ ኤክስፕሎረር በደረጃ ስለሚያጣራ፣ በአንተ ደረጃ ያሉ ሰዎች በእርግጥ የሚጫወቱትን እየው፤ ማንም የማይጫወትብህን 15 ሙቭ መሸምደድ ጊዜ ማባከን ነው። 10 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ጭማሪ ጋር ተጫወት። 3 ደቂቃ ላይ እጅህ ብቻ ነው የሚጫወተው፤ ኔት ሲቆራረጥማ እጅህም አይጫወትም።

የጎን_ቢሾፕ

1... ኤፍ5 ላይ፦ 2. ቢሾፕ ኤፍ4 ፈረስ ኤፍ6 3. ኢ3። አሁን ጥቁር ኢ6 ካለ በተለመደው መንገድ ቀጥል፣ ግን ሲ3 ሳይሆን ሲ4 እና ፈረስ ሲ3፤ የኤፍ5 ወታደሩ ኢ4ን ስለያዘ አንተ ዲ5ን ያዝ። ጂ6 ካለ ግን ፈረስህን ከጂ1 ሳታንቀሳቅስ 4. ኤች4! በል። ሐሳቡ ኤች5 ነው። 4... ቢሾፕ ጂ7 5. ኤች5 ፈረስ × ኤች5 ካለ 6. ሩክ × ኤች5 ጂ × ኤች5 7. ንግሥት × ኤች5+ ንጉሥ ኤፍ8። ሩክ ለፈረስ ሰጥተሃል፣ የሱ ንጉሥ ግን ካስል ማድረግ አይችልም፣ ከፊቱም የቆመ የጂ ወታደር የለም። መሥዋዕቱን ካልፈለግህ 5. ኤች5 ከማለትህ በፊት ቢሾፕ ኢ2 ብለህ ኤች5ን አንድ ጊዜ ደግፈው፤ ያኔ ፈረሱ ኤች5ን ሲበላ በቢሾፕ ትበላለህ፣ በጂ ወታደር ሲመልስ ንግሥትህ ወይም ሩክህ ይከተላል። ፈረስ ኤፍ3 ካልክ ግን ይህ ሁሉ ይዘጋል፣ ምክንያቱ ያው ከዲ1 እስከ ኤች5 ያለው መስመር ነው።